ከጦር ሰፈር ወደ እረኝነት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



በዚህ በዓል የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ ስለ ምን እንናገር ብለን ተማከርን። ስለ ትምህርት ጥቅም ብንናገር መምህራኖቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ስለ እንሰት ተከላና ስለ ንግድ ብንናገር ወላጆቻችን ይስቁብናል። ስለዚህ ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርነው በልጅነታችን ከሰማነውና በኋላም አንብበን ካጣራነው ታሪክ አንዱን መርጠናል። ይኸውም ሰው ከወታደርነት ተነሥቶ የነፍስ እረኛ ወደ መሆን የሚደርስበት መንገድ ነው።

«ይህ ነገር ለአገና ልጆች ምን ይረባቸዋል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። በአገራችን ጦርነት ያላየ ትውልድ የለም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ብዙ መቶ ሺህ ወታደሮች መሣሪያቸውን አስረክበው ወደየቀያቸው ተመልሰዋል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት፥ እንደገናም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በተደረገው ጦርነት የዘመቱ ሰዎች ዛሬ በየመንደሩ ይገኛሉ። ከእነርሱም አንዱ የአንዳችን አባት፥ ሌላው የአንዳችን ወንድም ነው። እንግዲህ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ሊሆን ይችላል? እኛስ ምን እንዲሆን በሩን እንከፍትለታለን? ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው።

ወታደር ወደ እግዚአብሔር ቤት ሲገባ መስማት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በፈረስ ተቀምጠው የምናያቸው ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ መርቆሬዎስ በገድላቸው እንደሚነገረው ወታደሮች ነበሩ። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ በስድስተኛው ምዕተ ዓመት ባሕር ተሻግሮ በናግራን ስለ ተገደሉት ክርስቲያኖች ከተዋጋ በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ መነኰሰ ይባላል። በውጭም አገር ማርቲን የተባለ የሮማ ወታደር በአራተኛው ምዕተ ዓመት ካባውን በሰይፍ ለሁለት ከፍሎ በብርድ ለሚንቀጠቀጥ ለማኝ ግማሹን እንደ ሰጠ፥ በኋላም በፈረንሳይ አገር የምትገኘው የቱር ከተማ ጳጳስ እንደ ሆነ ይተረካል።

ነገር ግን እነዚህ ታላላቅ ሰዎች ከእኛ እጅግ ከፍ ያሉ ናቸው። ታሪካቸው የደረሱበትን ማዕርግ ይነግረናል እንጂ በመንገዱ ላይ እንዴት እንደ ተሰናከሉ፥ ማን እጃቸውን ይዞ እንዳነሣቸው ብዙ አይነግረንም። እኛ የመረጥናቸው ሁለት ሰዎች ግን ኑሮአቸው እንደ ማንኛውም ሰው ኑሮ ነበረ፤ ስሕተታቸውም ሳይደበቅ ተጽፎአል። ሁለቱም እንግሊዛውያን ናቸው፤ ስማቸውም ጆን ጊፈርድና ጆን ቡንያን ይባላል። ከእንግዲህ የምንጠራቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልንባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደ ሆኑ እንድታስቡልን እንለምናለን።

በ1642 በእንግሊዝ አገር በንጉሡ በቀዳማዊ ቻርልስና በፓርላማው መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። የጠቡ ምክንያት ግብርና ሥልጣን፥ ሃይማኖትም ነበረ። ወንድም በወንድሙ ላይ፥ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ዘመተ። በመጨረሻም ፓርላማው ድል አደረገና በጥር ወር 1649 ንጉሡ በአደባባይ ተሰየፈ። ጊፈርድና ቡንያን በዚህ ጦርነት ተካፍለዋል፤ የዘመቱት ግን በተቃራኒ ወገን ነበረ። ጊፈርድ የንጉሡ ወታደር፥ ቡንያን የፓርላማው ወታደር ነበረ። ይህን ነገር ከአእምሮአችሁ እንዳታወጡት፤ የንግግራችን ፍሬ በዚሁ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጊፈርድ እንናገር። ይህ ሰው በንጉሡ ጦር ውስጥ ሻለቃ ነበረ። በ1648 በኬንት አውራጃ የንጉሡ ወገኖች እንደገና ተነሥተው በሜድስቶን ከተማ ተዋግተው ተሸነፉ፤ እርሱም ከሌሎች መኰንኖች ጋር ተማርኮ በስቅላት እንዲሞት ተፈረደበት። ሊሰቀል አንድ ሌሊት ሲቀረው እኅቱ ልትሰናበተው ወደ እስር ቤት ሄደች። በደረሰችም ጊዜ ጠባቂዎቹ ከመጠን በላይ ጠጥተው ተኝተው ነበርና ወንድሟን «ሽሽ» አለችው። ወጥቶም ወደ ሜዳ ሸሸና በአንድ ቦይ ውስጥ ሦስት ቀን ያህል ተደበቀ። ከዚያም ልብሱን ለውጦ ወደ ሎንዶን፥ በመጨረሻም ወደ ቤድፎርድ ከተማ ሄዶ የሐኪምነት ሥራ ጀመረ።

ከሞት ያመለጠ ሰው ወዲያውኑ ጠባዩ ይለወጣል ብለን እንገምት ይሆናል። ጊፈርድ ግን አልተለወጠም። መጠጥና ቁማር ያዘወትር ነበር፤ በከተማው የነበሩትንም ጸሎተኞች አጥብቆ ይጠላ ነበር። ከእነርሱም ሃሪንግተን የተባለውን ሰው ከጥላቻው ብዛት የተነሣ ለመግደል እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም በልቡ ውስጥ ገና አላለቀም ነበርና። ጓደኞቻችን ሆይ፥ ይህን ልብ በሉ። ጠመንጃ በአንድ ቀን ይመለሳል፤ ጥላቻን ለማስረከብ ግን ብዙ ቀን ያስፈልጋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ጊፈርድ በቁማር አሥራ አምስት ፓውንድ ተበላ፤ ይህም በዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነበረ። በንዴት ላይ ሳለ አንድ መንፈሳዊ መጽሐፍ በእጁ ገባና አነበበው። ሕሊናው ወቀሰው፤ ከብዙ ጭንቀትም በኋላ ምሕረት እንዳገኘ ተሰማው። በዚህ ጊዜ ወዴት ሄደ ብትሉ፥ ይጠላቸው ወደ ነበሩት ወደ እነዚያ ጸሎተኞች ሄደ።

እነርሱም በመጀመሪያ አላመኑትም። የትናንቱ ጠላታቸው፥ ጠጪውና ቁማርተኛው ሻለቃ፥ ከመካከላቸው ሲቀመጥ ቢጠራጠሩ አያስደንቅም። እርሱ ግን ደፋር ሰው ነበርና ቢሸሹትም ደጋግሞ ወደ ማኅበራቸው መጣ። ጥቂት በጥቂት ጠባዩን መረመሩ፤ ከቀን ወደ ቀንም እውነተኛ ሆኖ አገኙት። በ1650 አሥራ ሁለት ሰዎች ተሰብስበው በቤድፎርድ አንዲት ማኅበረ ክርስቲያን ባቆሙ ጊዜ ጊፈርድን እረኛቸው አድርገው መረጡት። ከአሥራ ሁለቱ መሥራቾች አንዱ ማን ይመስላችኋል? ያው ሊገድለው ያሰበው ሃሪንግተን ነበረ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው እንሂድ። ጆን ቡንያን በ1628 በቤድፎርድ አጠገብ በምትገኝ ኤልስቶው በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ድስትና ሰታቴ እየዞረ የሚጠግን ሰው ነበረ፤ ልጁም ይህንኑ ሥራ ተማረ። በእንግሊዝ አገር በዚያ ዘመን ይህ ሙያ የተናቀ ነበር። በእኛም አገር ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን የመናቅ ክፉ ልማድ እንደ ነበረ፥ ፈጽሞም እንዳልጠፋ ሁላችን እናውቃለን። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ስለ ከፋ ነው። እንግዲህ ይህ የተናቀው ጠጋኝ የጻፈው መጽሐፍ ከሁለት መቶ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሞ መነበቡን ስትሰሙ ሙያ ሰውን እንደማያሳንስ ትረዳላችሁ።

በ1644 በበጋ ወራት ቡንያን እናቱን፥ አንድ ወር ያህል ቆይቶም እኅቱን በሞት አጣ። አባቱም ወዲያው ሌላ ሚስት አገባ። በዚያው ዓመት ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ለፓርላማው ጦር ወታደር ሆነና በኒውፖርት ፓግኔል ምሽግ ተመደበ። ከእኛ ክፍል ተማሪዎች በዕድሜ ያንስ ነበር ማለት ነው። የምሽጉ ኑሮ ችግር የበዛበት ነበረ፤ ደመወዝ በጊዜው አይከፈልም፥ ልብስም አይበቃም። አዛዡ በጻፈው ደብዳቤ ከወታደሮቹ ሁለቱ አንድ ሱሪ ብቻ ስለ ነበራቸው አንዱ ተነሥቶ ሲለብስ ሌላው በአልጋው ላይ መቆየት እንደ ነበረበት ገልጦአል።

በዚያ ዘመን የደረሰውን አንድ ነገር ቡንያን እስኪሞት ድረስ አልረሳውም። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር አንድ ስፍራ ለመክበብ ታዘዘ። ሊነሣ ሲል ከጓደኞቹ አንዱ «በአንተ ፈንታ እኔ ልሂድ» ብሎ ለመነውና ፈቀደለት። ያም ሰው በከበባው ስፍራ ዘብ ቆሞ ሳለ በጥይት ራሱን ተመትቶ ሞተ። ቡንያንም በሕይወቱ ታሪክ ላይ ይህን ሲያስታውስ፥ በዚያን ጊዜ ከሞት መትረፉ ልቡን እንዳልለወጠው ሳይሸሽግ ተናግሮአል። ነገሩ ግን እንደ ዘር በውስጡ ቀረ። ዘር ደግሞ በተዘራበት ቀን አይበቅልም።

በ1647 ከወታደርነት ተሰናብቶ ወደ መንደሩ ተመለሰና ሙያውን ያዘ፤ ሚስትም አገባ። ሁለቱም ድሆች ስለ ነበሩ ለቤታቸው አንድ ሳሕንና አንድ ማንኪያ እንኳ አልነበራቸውም። ሚስቱ ከአባቷ ቤት ያመጣችው ሀብት ሁለት መንፈሳዊ መጻሕፍት ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ሜሪ ዐይነ ስውር ነበረች። ቡንያንም በዚህ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መሳም ጀመረ፤ ነገር ግን ልቡ አላረፈም።

አንድ ቀን ለሥራ ወደ ቤድፎርድ ሲሄድ ሦስት ወይም አራት ድሆች ሴቶች በአንድ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው ስለ እግዚአብሔር ሲጫወቱ ሰማ። ንግግራቸው ደስታ የሞላበት ነበርና ቆሞ አዳመጣቸው፤ ደጋግሞም ወደ እነርሱ ተመለሰ። እነዚህ ሴቶች የጊፈርድ ማኅበር አባሎች ነበሩ። ስለዚህም ጠጋኝ ጭንቀት ለእረኛቸው ለጊፈርድ ነገሩት፤ ጊፈርድም ቡንያንን ወደ ቤቱ ጠርቶ አነጋገረው።

እስቲ ይህን ስብሰባ በሐሳባችሁ ተመልከቱት። በአንድ ወገን ስለ ንጉሡ ተዋግቶ ስቅላት የተፈረደበት ሻለቃ፤ በሌላው ወገን የንጉሡን ጦር ለመውጋት ጠመንጃ ያነሣ ተራ ወታደር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሜዳ ላይ ቢገናኙ ኖሮ አንዱ አንዱን በገደለ ነበር። አሁን ግን አንዱ ጠያቂ፥ አንዱ መካሪ ሆነው በአንድ ጣራ ሥር ተቀመጡ። ቡንያን በኋላ በጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ ውስጥ ለመንገደኛው የጠበበውን በር የሚያመለክተው ወንጌላዊ በጊፈርድ አምሳል የተሣለ ነው ይባላል። ጠላት የነበረው ሰው መንገድ መሪ ሆነለት።

ስለ ባፕቲስቶችም ጥቂት እንናገር፤ ሁለቱም ሰዎች ከእነርሱ ጋር ይቈጠራሉና። ባፕቲስት የሚባሉት ጥምቀት ራሱ አምኖ ለጠየቀ ሰው ነው እንጂ ለሕፃን አይገባም የሚሉ ክርስቲያኖች ናቸው። በእንግሊዝ አገር ማኅበራቸው የተጀመረው በ1612 ገደማ ነው። የቤድፎርድ ማኅበር ግን በዚህ ነገር ጥብቅ አልነበረችም። በአዋቂነቱ የተጠመቀውንም በሕፃንነቱ የተጠመቀውንም አብራ ትቀበል ነበር። ጊፈርድ በ1655 ሊሞት ሲል ለመንጋው ደብዳቤ ጽፎ በእንደዚህ ያለው ሥርዓት ምክንያት እንዳይለያዩ ለመናቸው። ቡንያንም በ1673 የጥምቀት ልዩነት ማኅበርን ሊያፈርስ አይገባም የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚህም ከሌሎች ባፕቲስቶች ብዙ ወቀሳ ደረሰበት። ሁለቱ ሰዎች መለያየት የሚያመጣውን ጥፋት ከጦር ሜዳ ያውቁት ስለ ነበር በትንሹ ነገር መለያየትን ፈሩ ብለን እናስባለን። ኦርቶዶክሱ፥ ካቶሊኩ፥ ወንጌላዊውና እስላሙ በአንድ ገበያ በሚገናኙበት በእኛ አገር ይህ ምክር ባዶ ቃል አይደለም።

ጊፈርድ ከሞተ በኋላ ቡንያን መስበክ ጀመረ። ያልተማረ ጠጋኝ ነው ብለው የናቁት ነበሩ፤ ነገር ግን ሕዝቡ ብዙ ሆኖ ይሰማው ነበር። በ1660 ንጉሥነት ወደ እንግሊዝ ተመለሰና ዳግማዊ ቻርልስ ነገሠ። ያለ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ሕዝብ ሰብስቦ መስበክም ክልክል ሆነ። በዚያው ዓመት ኅዳር 12 ቀን ቡንያን ሊሰብክ በሄደበት ስፍራ ሊያዝ መሆኑን ቀደም ብሎ ሰማ። ወዳጁ እንዲሸሽ ቢመክረውም እረኛ ከሸሸ መንጋው ምን ይሆናል ብሎ በስፍራው ቆየና ተያዘ።

በዚህ ላይ የቀድሞው ወታደር ይታየናል። በአንድ ወቅት በእርሱ ፈንታ ሌላ ሰው ዘብ ቆሞ ሞቶ ነበር፤ አሁን ግን የራሱን ዘብ ራሱ ቆመ። በእጁ ግን ጠመንጃ አልነበረም፤ በያዙትም ላይ እጁን አላነሣም። የወታደር ጽናት ከእርሱ ጋር ቀርቶ ነበር፤ መግደሉ ግን ቀርቶ ነበር።

«ከእንግዲህ አልሰብክም» ብሎ ቃል ቢሰጥ ይፈቱት ነበር። እርሱም እምቢ አለና አሥራ ሁለት ዓመት በቤድፎርድ እስር ቤት ተቀመጠ። የመጀመሪያ ሚስቱ ሞታ ነበርና ሁለተኛይቱ ሚስቱ ኤልሳቤጥ አራት የእንጀራ ልጆችዋን፥ ከእነርሱም ዐይነ ስውሯን ሜሪን፥ ይዛ ቀረች። እርሷም ነፍሰ ጡር ነበረችና በባልዋ መያዝ ደንግጣ ፅንሱ ወጣባት። በ1661 ይህች ወጣት ሴት ዳኞች በተቀመጡበት አዳራሽ ገብታ ስለ ባልዋ ተከራከረች። ስብከቱን ይተው እንደ ሆነ በጠየቋት ጊዜም መናገር እስከ ቻለ ድረስ እንደማይተው በድፍረት መለሰችላቸው። እኛ የቡንያንን ጽናት ስናደንቅ የኤልሳቤጥን ጽናት ብንዘነጋ በደለኞች እንሆናለን። እርሱ አንድ ሸክም ተሸከመ፤ እርሷ ሁለት ተሸከመች።

በእስር ቤትም ሥራ አልፈታም። ቤተ ሰቡን ለመርዳት የጫማ ማሰሪያ እየሠራ ያሸጥ ነበር፤ የታሰሩትን ይሰብካቸው፥ ያጽናናቸው ነበር፤ መጽሐፍም ይጽፍ ነበር። በጥር ወር 1672፥ ገና ጨርሶ ሳይፈታ፥ የቤድፎርድ ማኅበር ጊፈርድ በነበረበት ስፍራ እረኛ አድርጋ መረጠችው። በዚያው ዓመት ንጉሡ ምሕረት ስላደረገ ተፈታ፤ ማኅበሩም አንድ ጎተራ ገዝታ የጸሎት ቤት አደረገችው። ከምሽግ ከወጣ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ከጦር ሰፈር ወደ እረኝነት የሚወስደው መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነ ተመልከቱ።

በ1678 አንድ መንገደኛ ሸክሙን ተሸክሞ ከጥፋት ከተማ ወደ ሰማያዊት ከተማ ሲጓዝ የሚተርከውን መጽሐፉን አሳተመ። ይህ መጽሐፍ ወደ አገራችንም ደርሶአል። ገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ወደ አማርኛ ተርጉመውት በ1892 በስዊስ አገር ታትሞአል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» የተባለው መጽሐፍ የዚሁን አካሄድ የተከተለ ነው። እንግዲህ የዘመናዊው አማርኛ ሥነ ጽሑፍ መንገድ ሲቀየስ የዚያ የድስት ጠጋኝ እጅ ነበረበት ብንል አልተሳሳትንም።

በ1682 ደግሞ ስለ አንዲት የተከበበች ከተማ ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። ከተማይቱ የሰው ነፍስ ናት፤ አምስቱ በሮችዋም ጆሮ፥ ዐይን፥ አፍ፥ አፍንጫና መዳሰስ ናቸው። ስለ ምሽግ፥ ስለ ዘብና ስለ ከበባ የሚናገረው በአፍላነቱ በዐይኑ ያየውን ነው። ስለዚህ ያለፈው ወታደርነቱ ተጣለ ማለት አይቻልም፤ ማረሻ እንደ ሆነ ሰይፍ ለሌላ ሥራ ዋለ እንጂ።

አሟሟቱም እንደ አኗኗሩ ነበረ። በ1688 በነሐሴ ወር አንድ አባት በልጁ ተቈጥቶ ሊክደው እንዳሰበ ሰምቶ ሊያስታርቃቸው በፈረስ ወደ ሬዲንግ ከተማ ሄደ። አባቱንም ለምኖ ከልጁ ጋር አስታረቀው። ከዚያ ወደ ሎንዶን ሲሄድ ብርቱ ዝናም ደበደበውና ታመመ፤ ነሐሴ 31 ቀንም በስድሳ ዓመቱ ዋዜማ ዐረፈ። በወጣትነቱ ለጦርነት የወጣው ሰው የመጨረሻ ጉዞው ለሽምግልና ሆነ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፥ ሽምግልናን ለእናንተ ልናስተምር አይገባንም። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሎች በየጆካ ተቀምጠው በቂጫው መሠረት ሲዳኙ፥ ደም የተቃቡትን ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። ከእናንተ የተማርነው አንድ ነገር አለ፤ እርቅ በአንድ ወገን ፈቃድ ብቻ አይሆንም። በዳዩ መጥቶ ይቆማል፤ ተበዳዩም ይቀበላል፤ በመካከላቸውም ሽማግሌ ይቀመጣል። ይህ ታሪክ የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው።

ሰዎች የጊፈርድንና የቡንያንን ታሪክ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚያመሰግኑት ሁለቱን ሰዎች ብቻ ነው። እኛ ግን ስናስበው ከሁለቱ በስተ ኋላ የቆሙ ሌሎች አሉ። ጊፈርድን ከሞት ያስመለጠችው እኅቱ ናት። እረኛ ያደረጉት እነዚያ ፈርተውት የነበሩት፥ ቢሆንም በሩን ጨርሰው ያልዘጉበት ሰዎች ናቸው። ሃሪንግተን «ይህ ሰው ሊገድለኝ አስቦ ነበር» ብሎ ቢቃወም ኖሮ ማን ይፈርድበት ነበር? ጊፈርድም እረኛ ባይሆን ኖሮ ቡንያንን ማን ይመክረው ነበር? ቡንያንን ወደ ጊፈርድ ያደረሱት ደግሞ ስማቸው ያልተጻፈ፥ ፀሐይ ሲሞቁ የነበሩ ድሆች ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ወታደርን እረኛ የሚያደርገው የራሱ ንስሐ ብቻ አይደለም፤ የተቀበሉት ሰዎች ትዕግሥትም ነው።

ነገሩን በጥንቃቄ እንናገር። አገሩን የሚጠብቅ ወታደር የተከበረ ነው፤ ወታደርነትን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ከጦር ሜዳ የመጣ ሁሉ ሰባኪ ይሁን ማለታችንም አይደለም። ደግሞም ሳይመረምሩ ማመን ሞኝነት ነው፤ የቤድፎርድ ሰዎች ጊፈርድን የመረጡት ጠባዩን አይተው ነው። ነገር ግን መመርመር ሌላ፥ ለዘላለም መጠርጠር ሌላ ነው። መርማሪ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ይጠብቃል፤ ተጠራጣሪ ሰው ግን ዘግቶ ይቀረቅራል።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ በቅርቡ ከዚህ ትምህርት ቤት እንወጣለን። ከእኛ መካከል በመርካቶ የሚነግድ፥ በክፍል ቆሞ የሚያስተምር፥ ሕሙማንን የሚያክም፥ የአገር መከላከያ ሠራዊት የሚገባ፥ ቅስናን ወይም ወንጌላዊነትን የሚመርጥ ይኖራል። በምንሄድበት ሁሉ በእኛ ወገን ያልቆመ ሰው፥ ምናልባትም በወንድማችን ላይ መሣሪያ ያነሣ ሰው፥ በአንድ ሥራ ቤት ወይም በአንድ የጸሎት ቤት ከጎናችን ይቀመጥ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የምናደርገው ነገር ከዚህ ትምህርት ቤት ያገኘነው ዕውቀት ምን ያህል እንደ ሆነ ያሳያል። የፈተና ውጤት በወረቀት ይጻፋል፤ ይህኛው ፈተና ግን በሰው ፊት ላይ ይነበባል።

የተመለሰውን ወታደር ስለ ገደለውና ስላልገደለው ብቻ እየጠየቅን አናስቸግረው። ይልቁን «አሁን ምን ልትሠራ ታስባለህ? ምንስ እንርዳህ?» እንበለው። ከአሥሩ አንዱ ጥሩ ገበሬ፥ አንዱ ጥሩ አስተማሪ፥ አንዱም አባትና ልጅን የሚያስታርቅ እረኛ ሊሆን ይችላል። የትኛው የትኛውን እንደሚሆን አስቀድመን ልናውቅ አንችልም፤ የቤድፎርድ ሰዎችም አላወቁም ነበር።

 ፊደል ላስቈጠሩን፥ መክረውና ገሥጸው ለዚህ ላደረሱን መምህራኖቻችን፥ ከጓሮአቸውና ከንግዳቸው ቈጥበው ላስተማሩን ወላጆቻችን ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። ትምህርት ቤታችንም ከዓመት ወደ ዓመት እየበረታ ብዙ ልጆች የሚወጡበት ይሁን፤ ለአገራችንም ሰላም ያውርድልን።